ሚኒስትሩን ማን ይጠራዋል?

በእኛ በአቦከር ውኃ የጠፋ ዕለት ወሬ ይበዛል። ቢጫው ጀሪካን በየደጃፉ ተደርድሮ፣ እናቶች የግንቡን ጥላ ተከትለው ተቀምጠው፣ ሁሉም የየራሱን ምክንያት ይሰጣል። አንዷ መብራት ስለጠፋ ነው ትላለች፤ ሌላዋ ፓምፑ ተቃጥሎ ነው ትላለች፤ ሦስተኛዋ ደግሞ ገንዘቡ መጥቶ የት እንደገባ አልታወቀም ትልና ሁሉም ዝም ይላል። የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ ከተማችን የምትጠጣው ውኃ በአብዛኛው ከሩቅ፣ ከድሬዳዋ በኩል ሽቅብ ተገፍቶ የሚመጣ በመሆኑ አንዱ ቦታ የተበላሸ እንደሆነ ሐረር ትጠማለች። ይህን የሐረር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የማያውቀው ሦስተኛዋ እናት ያነሣችውን ነው።

እኔም ሥራዬ መጠየቅ ነውና አንድ ቀን ጠዋት ደብተሬን ይዤ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አላነሣም። ለጥገና የተያዘው ገንዘብ ስንት ነበር፣ ስንቱ ወጣ፣ ስንቱ ቀረ የሚል የሦስት መስመር ጥያቄ ነበር የያዝኩት። የተቀበለኝ ሰው ጨዋ ነው፤ ወንበር ሰጠኝ፣ ሻይም አስመጣልኝ። ነገሩን የሚያውቀው ባለሙያ በሚቀጥለው ክፍል ተቀምጦ ሲያወራ ድምፁ ይሰማኛል። ሆኖም ኃላፊው ካልፈቀዱ ባለሙያው ሊያናግረኝ አይችልም፤ ኃላፊው ደግሞ ከበላያቸው ያሉት ሰው ካልጻፉላቸው ሊፈቅዱ አይችሉም፤ ከበላይ ያሉት ሰው ደግሞ ለስብሰባ አዲስ አበባ ሄደዋል። ሻዬን ጠጥቼ ወጣሁ።

በፈረስ መጋላ በኩል ወደ ቤቴ ስመለስ ትዝ ያለኝ፣ ይገርማችኋል፣ በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ለፈተና ብዬ የሸመደድኩት ነው። ከሃምሳ አምስቱ አንቀጾች መካከል አርባ ሰባተኛው የሚለው ባጭሩ ይህን ነው፦ ምክር ቤቶቹ አንድን ሚኒስትር መጥራት ቢያስፈልጋቸው እንኳ አስቀድመው ንጉሠ ነገሥቱን ሳያስፈቅዱ ሊጠሩት አይችሉም፤ ሚኒስትሩም በበኩሉ ሳያስፈቅድ ወደ ምክር ቤት ገብቶ ሊናገር አይችልም። ያን ጊዜ ጽፌው ማርክ አግኝቼበት አልፌያለሁ። ትርጉሙ የገባኝ ግን ሻዩን ጠጥቼ የወጣሁ ዕለት ነው።

የዚህን ሕገ መንግሥት ረቂቅ ያዘጋጁት ሰው ደግሞ ለእኛ የሩቅ ሰው አይደሉም። በልጅነታቸው ይህችው ከተማ ተቀብላ ያሳደገቻቸው፣ በሽምግልናቸውም ከዚሁ ከሐረርጌ ምድር ያልራቁ ሰው ናቸው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ይባላሉ። ብዙዎቻችን ስማቸውን የምናውቀው በትምህርት ቤት የመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትር ደራሲ ተብሎ ነው። እኔ ግን ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለዚያ አንቀጽ ሰውዬ ነው።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. ሸዋ ውስጥ ተወለዱ። ወደ ሐረር የመጡት ገና ሕፃን ልጅ ሳሉ ነበር። ሐረር ያን ጊዜ ምን ትመስል እንደነበር እናስታውስ። አሚር ዐብዱላሂ በጨለንቆ ከተሸነፉ፣ ማለትም ከ1879 ዓ.ም. ወዲህ፣ ያለፈው ጊዜ ጥቂት ነው። የራሷን ገንዘብ የምትቀርጽ፣ የመሬት ሽያጭና የግብር ጉዳይ በዐረብኛ መዝገብ የምትይዝ የነበረችው የአሚሮቹ ከተማ በራስ መኮንን እጅ ገብታ ነበር። ለእኛ አያቶች ራስ መኮንን በጦር አሸንፈው የገቡ ገዢ ናቸው። ለዚያ ከሸዋ ለመጣ ልጅ ግን አሳዳጊ አባት ሆኑለት። የአንዲት ከተማ ሰዎች በአንድ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ሁለት ዓይነት ትዝታ ይዘው አንድ ገበያ ውስጥ ሲገናኙ መኖራቸው የሐረር ዕጣ ሆኖ ቆይቷል፤ ይህን ማንሣቴ ቂም ለመቆስቆስ አይደለም፤ ኋላ ለምንደርስበት ነገር መነሻ ስለሚሆነን ነው።

ልጁ ዐሥራ ሁለት ዓመት ግድም ሲሆነው የሐረር ጦር ወደ ዐድዋ ዘመተ። እሱም ከራስ መኮንን ጓዝ ጋር አብሮ ተጓዘ። የካቲት 1888 ዓ.ም. የሆነውን በልጅ ዓይኑ አየ። ከድሉ በኋላ ራስ መኮንን ሊዮንቲየቭ ከተባለው ሩሲያዊ ጋር ለትምህርት ወደ ሩሲያ ላኩት። እዚያ በአንድ የመኮንን ቤተሰብ ዘንድ አደገ፤ ቋንቋውን እንደ ልጆቹ ተናገረ፤ በፒተርስበርግ የመድፈኛ ትምህርት ቤት ገብቶ መኮንን ሆነ። ከዐሥር ዓመት በላይ ሲቆይ አሳዳጊው ራስ መኮንን በ1898 ዓ.ም. ሞቱ።

በእነዚያ ዓመታት ሩሲያ ውስጥ የሆነውን ልብ ማለት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1905 አገሪቱ ታመሰች። በዓመቱ ንጉሡ ዱማ የተባለውን ምክር ቤት እንዲሰበሰብ ፈቀደ። ዱማው ሚኒስትሮችን የመጠየቅ መብት በሕግ ተሰጥቶት ነበር፤ እንደተሰበሰበም ወዲያው በዚያ መብት ተጠቀመ፤ ሚኒስትሮቹ ይውረዱ እስከ ማለት ደረሰ። ንጉሡ ሦስት ወር ሳይሞላ በተነው። ወጣቱ ተክለ ሐዋርያት በዚያ አገር የጦር ትምህርት ላይ በነበረበት ዘመን የሆነ ነገር ነው። ኋላ ስለ ሚኒስትርና ስለ ምክር ቤት አንቀጽ ለመጻፍ ብዕር ያነሣው ሰው፣ ምክር ቤት ሲጠይቅ ንጉሥ ምን እንደሚያደርግ ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ አልነበረም ማለት ነው።

ተክለ ሐዋርያት ወደ አገራቸው ተመልሰው ጥቂት ቆዩና ወደ አውሮፓ ተሻግረው ስለ እርሻ አጠኑ። ከዚያ በኋላ የያዙት ሥራ ብዙ ነው። ከሥራዎቻቸው ሁሉ ሁለቱ ለእኛ ጉዳይ ይጠቅማሉ።

አንደኛው ያ ቴአትር ነው። ፋቡላ የአውሬዎች ኮሜዲያ ይባላል። አውሬዎችን እያናገሩ የመንግሥትን ብልሹ አሠራር የተቹበት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል አዳራሽ መኳንንቱ ተቀምጠው አዩት። እንግዲህ አስቡት፤ በዚያ ዘመን ባለሥልጣን ተቀምጦ፣ ሌላው ቆሞ እየተናገረ፣ ባለሥልጣኑ ስለ ራሱ ሥራ የሚሰማበት ሌላ አዳራሽ አልነበረም። ፓርላማ ከመከፈቱ በፊት ቴአትር ቤት ተከፈተ ማለት ይቻላል። ግን ብዙም አልቆየ። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ፤ የታተመውም ተሰበሰበ። ተቀምጠው የሰሙት ሰዎች ጥያቄውን በሚገባ ተረድተውታል ማለት ነው፤ ባይረዱት ኖሮ ለምን ያግዱታል?

ሁለተኛው የጨርጨር ሥራቸው ነው። መጀመሪያ የጅጅጋ፣ ቀጥሎ የጨርጨር ገዢ ሆነው ተሾሙ። ዛሬ ጭሮ የምንላትን ከተማ አሰበ ተፈሪ ብለው የቆረቆሯት እሳቸው ናቸው። ጨርጨርን ለሌላው አውራጃ አርአያ እንዲሆን በደንብ እንዲተዳደር ለማድረግ ደከሙ። የአገሩ ገበሬ አብዛኛው ሙስሊም ነው። ያ ገበሬ በዚያ ዘመን ዋነኛ ችግሩ የግብሩ መብዛት ብቻ አልነበረም፤ ወሰኑ አለመታወቁ ነበር። ዛሬ አንዱ ሹም ያስከፍለዋል፣ ነገ ሌላው ይመጣል፣ ከነገ ወዲያ እንግዳ ያርፍበታል። በጽሑፍ የተቆረጠ ግብር ማለት ለእንዲህ ያለው ሰው ትልቅ ነገር ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥርና ከእጁ የወጣው ቁጥር ከተለያየ ቢያንስ መሟገቻ ያገኛል።

እኛ ሙስሊሞች ሒሳብ የሚለውን ቃል ሁለት ቦታ እንሰማዋለን። አንዱ ሱቅ ውስጥ ነው፤ ሌላው ስለ አኺራ ሲነገር ነው። ቃሉ አንድ ነው። በአደራ የተቀበለ ሰው፣ ሳንቲምም ይሁን ሥልጣን፣ አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ቁጥሩን ያስረክባል። ፓርላማ የሚባለው ነገር፣ ጌጡንና ሥነ ሥርዓቱን ከላዩ ላይ ብታነሡለት፣ የሚቀረው ይኸው ማስረከቢያ ወንበር ነው።

ወደ ነገራችን እንመለስ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ እሳቸውም የዚሁ የሐረርጌ የኤጀርሳ ጎሮ ተወላጅ፣ ጥቅምት 1923 ዓ.ም. ዘውድ ጫኑ። ተክለ ሐዋርያት በዚያን ጊዜ በጅሮንድ፣ ማለት የገንዘብ ሚኒስትር ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ የሌሎቹን አገሮች ሕግጋተ መንግሥት ተመልክተው ለኢትዮጵያ የሚሆን ረቂቅ እንዲያዘጋጁ አዘዟቸው። ዋናው መነሻቸው የጃፓኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1889 የወጣው ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጃፓን ንጉሠ ነገሥቷን ሳትነካ የሠለጠነች፣ በ1905ም ሩሲያን ያሸነፈች አገር ናት። ተክለ ሐዋርያት ደግሞ የተሸናፊው የሩሲያ ጦር ያሠለጠናቸው መኮንን ነበሩ። የጃፓንን ትምህርት ከሩቅ ሰምተው ያደነቁ አልነበሩም።

ይሁን እንጂ ከጃፓን የመጣው ሁሉ አልመጣም። የጃፓኑ ሕግ ንጉሠ ነገሥቱን ቅዱስና የማይደፈር ያደርጋል፤ የእኛም እንዲሁ። በጃፓን ግን ሚኒስትሮች በፈለጉት ጊዜ ወደ ምክር ቤቱ ገብተው ለመናገር ይችሉ ነበር፤ በጀቱም የምክር ቤቱን ስምምነት ማግኘት ነበረበት። ስለሆነም እ.ኤ.አ. በ1890 የተሰበሰበው የመጀመሪያው የጃፓን ምክር ቤት ገና ከመቀመጡ የመንግሥትን በጀት ይዞ ተሟገተ፣ ቀነሰም። ለንጉሠ ነገሥቱ እየሰገደ ለሚኒስትሩ ግን እምቢ አለ። ይህን ያስቻለው ሚኒስትሩ እፊቱ መገኘቱ ነው። በእኛ ሕግ ውስጥ በሩ በሁለቱም በኩል ተዘጋ። ጠሪው አይጠራም፣ ተጠሪውም አይመጣም፤ ቁልፉ በሦስተኛ ሰው እጅ ነው። ለእኔ ሰባቱን ዓመት ካነበብኩት ሁሉ የበለጠ የሚገርመኝ አንቀጽ ይህ ነው።

እንደራሴዎቹስ እነማን ነበሩ? የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባላት በንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ። የሕግ መምሪያው ምክር ቤት አባላት ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ በመኳንንትና በአገር ሹማምንት ይመረጣሉ። ሕዝቡ መብቃቱን ማን መዝኖ እንደሚወስን ሕጉ አልተናገረም። የአቦከር ነጋዴ ወይም የጨርጨር ገበሬ በዚያ አዳራሽ ውስጥ የሚወክለው፣ ግብር የሚቀበለው ሹም የመረጠው ሰው ነበር።

ነገር ግን ለሰውዬው ፍትሕ እናድርግ። የመጨረሻው፣ ሃምሳ አምስተኛው አንቀጽ፣ የገንዘብ ሚኒስትር እጅ ያረፈበት ይመስለኛል። የመንግሥት ግምጃ ቤት ገቢ ምንም ዓይነት ይሁን በየዓመቱ ለየሚኒስቴሩ በሚቆረጥ በጀት መሠረት ብቻ እንዲወጣ ያዛል፤ በጀቱም የገንዘብ ሚኒስትሩ ያቀረበውን ይዞ በሁለቱ ምክር ቤቶች ተመክሮበት ለንጉሠ ነገሥቱ እንዲቀርብ ያዛል። የቤተ መንግሥት ግምጃ ቤትና የአገር ግምጃ ቤት ልዩነቱ በውል ባልታወቀበት ዘመን ይህን ጽፎ ማስፈረም ቀላል አይደለም። የጎደለው ከወጣ በኋላ የሚመረምረው ሰው ነው። አንቀጹ ገንዘቡ እንዴት እንደሚታዘዝ ይናገራል፤ እንደታዘዘው መዋሉን ማን ያያል የሚለውን አይናገርም። የእኔም የሦስት መስመር ጥያቄ ሁለተኛና ሦስተኛው መስመር ላይ ነው የቆመው።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ በመኳንንቱ ፊት ተፈረመ። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተነሥተው ምን ማለት እንደሆነ ረዘም ባለ ንግግር አስረዱ። ያ ዕለት የሚገርም ዕለት ነው። አንድ ሚኒስትር በተሰበሰቡ ታላላቅ ሰዎች ፊት ቆሞ የመንግሥትን ሥራ አብራራ፤ በዚያው ዕለት በጸናው ሕግ ግን ከዚያ በኋላ ሚኒስትር በምክር ቤት ለመቆም ፈቃድ የሚያስፈልገው ሆነ። ፓርላማው ጥቅምት 1924 ዓ.ም. ተከፈተ።

ተክለ ሐዋርያት ግን ያረቀቁትን ሕግ ሲሠራ ተቀምጠው አላዩም። የኢትዮጵያ መልዕክተኛ ሆነው ወደ አውሮፓ ተላኩ። ኅዳር 1927 ዓ.ም. በወልወል ግጭት ተነሣ፤ ቦታው ከእኛ ከሐረር በታች፣ ኦጋዴን ውስጥ ነው። ጣሊያን ሰበብ አገኘች። ነገሩ ጄኔቭ ወዳለው የመንግሥታት ማኅበር ሄደ፤ በዚያ ለኢትዮጵያ የቆሙት ተክለ ሐዋርያት ነበሩ።

ያ ማኅበር በዓለም ላይ የተቋቋመ ትልቅ ፓርላማ ነበር ብንል ብዙ አንሳሳትም፤ መንግሥታት የሚጠየቁበት አዳራሽ ነው። ጳጉሜን 1927 ዓ.ም. አካባቢ ጣሊያን ኢትዮጵያን የሚያዋርድ ትልቅ ክስ ጽፋ አቀረበች። የኢትዮጵያ ወገን ጠበቃ መልስ ለመስጠት ሲነሣ የጣሊያኑ መልዕክተኛ አዳራሹን ጥሎ ወጣ። አያችሁት ነገሩን? ተጠያቂው ተነሥቶ ይወጣል፣ ጠያቂው ባዶ ወንበር ያናግራል። ወራት ሳይቆይ ጣሊያን ወረረች። ማኅበሩ ጥፋተኛ ናት ብሎ ወሰነ፤ ማዕቀብም ጣለ፤ ነዳጅን ግን አልከለከለም። የጣሊያን ታንክና አውሮፕላን በዚያው ነዳጅ እየተነዳ መጣ። በአዲስ አበባው ሕግ ውስጥ የመጥራት ሥልጣን የሌለውን ምክር ቤት የጻፉት ሰው፣ በጄኔቩ አዳራሽ ደግሞ ጠርቶና ፈርዶ ማስፈጸም የማይችለውን ምክር ቤት አዩ።

ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ጦሩ ሲፈታ መኳንንቱ ተሰብስበው ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ ይሂዱ ብለው በብዙ ድምፅ ሲወስኑ ተክለ ሐዋርያት ይህን ከተቃወሙት ወገን ነበሩ። ውጊያው በአገር ውስጥ መቀጠል አለበት ነበር አሳባቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን በባቡር ወደ ጅቡቲ ተጓዙ። ተክለ ሐዋርያትም በበኩላቸው ተሰደዱ፤ ስደታቸውም ረጅም ሆነ፣ ከጅቡቲ አልፎ እስከ ማዳጋስካር። ጣሊያን ከወጣ በኋላም ለዓመታት አልተመለሱም። የአገራቸው የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ረቂቅ ባለቤት፣ ሕጉ እንደገና ሥራ ላይ ሲውል በባዕድ ደሴት ላይ ነበሩ።

እሳቸው በሌሉበት ያ አንቀጽ ግን እኛን አግኝቶናል። በ1940 ዓ.ም. በሐረር የሆነውን ሽማግሌዎቻችን ያውቃሉ፤ ኩሉብ የተባለው ነው። የከተማችን ሰዎች አቤቱታቸውን ይዘው እስከ ሞቃዲሾ ተሻገሩ። ከዚያ በኋላ እስራት መጣ፣ ቤትና ሱቅ ተወረሰ፣ ብዙ ቤተሰብ ግንቡን ለቅቆ ተሰደደ። አቦከር ውስጥ ከዚያ ወዲህ ወደ ባለቤቱ ያልተመለሰ ቤት ታሪክ የማይነገርበት ነደባ ጥቂት ነው። አዲስ አበባ ፓርላማ ነበር። ያ የ1923ቱ ሕግም ገና አልተሻረም ነበር። ስለዚህ አንድ እንደራሴ ይህ ንብረት በየትኛው ሕግ ተወረሰ ብሎ ሚኒስትሩን ሊጠራ ቢያስብ እንኳ መጀመሪያ ሄዶ ማስፈቀድ የነበረበት፣ ሚኒስትሩን የሾሙትን ንጉሠ ነገሥት ነው። አቤቱታ ከአገር ውጭ የሄደበትን ምክንያት የሚጠይቅ ካለ፣ ከምክንያቶቹ አንዱ በአገር ውስጥ የሚቆምበት ወለል ማጣቱ ነው ብዬ እመልሳለሁ።

በ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ተሻሻለ። አሁን ሚኒስትሮች ምክር ቤት ሲጠራቸው ራሳቸው ወይም ምክትላቸው ቀርበው ስለሚወጣው ሕግ የሚጠየቁትን እንዲመልሱ ተጻፈ። ሒሳብ የሚመረምር ዋና ኦዲተርም ለንጉሠ ነገሥቱና ለፓርላማው ሪፖርት እንዲያቀርብ ተደነገገ። ከዚያም ሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደራሴ መረጠ። ተክለ ሐዋርያት ከሃያ አምስት ዓመት ግድም በፊት የዘጉት ወይም እንዲዘጉት የተደረገው በር በመጠኑ ገርበብ አለ። ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሾሙትና የሚሽሩት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው፤ የፓርላማው ጥያቄ ከወንበር አያስነሣም። ደግሞም አንድ ምክር ቤት እምቢ ማለት ስለቻለ ብቻ የሕዝብ ወገን ነው ማለት አይደለም፤ የጭሰኛውን ውል የሚያስተካክለውን ረቂቅ ሕግ ለዓመታት ያንከባለለው ያው ፓርላማ ነው፤ ከተቀመጡበት ብዙዎቹ ባለመሬት ነበሩና።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች አዲስ አበባ ላይ ያን ታላቅ ሰልፍ ያደረጉ ጊዜ ጥያቄያቸውን ያቀረቡት ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ነበር። ፓርላማው በዚያው ከተማ ነበር። ሰው የሚሰማውን ያውቃል፤ እግሩ ወደዚያ ይሄዳል።

በዚህ ሁሉ ዘመን ሽማግሌው ተክለ ሐዋርያት ከስደት ተመልሰው ሂርና ላይ፣ በዚያው በወጣትነታቸው ባስተዳደሩት በጨርጨር፣ እርሻ ይዘው ተቀምጠዋል። ታሪካቸውን በእጃቸው ጻፉ። ልጃቸው ግርማቸው አርአያ የተባለውን ልብ ወለድ የደረሱት ናቸው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ሲያወርድ ፓርላማውንም በተነ። ሰውዬው ዘጠና ዓመት ደርሰው ነበር። በወጣትነታቸው የዱማውን መበተን፣ በጎልማሳነታቸው የራሳቸውን ፓርላማ መከፈት፣ በእርጅናቸው ደግሞ መዘጋቱን አዩ። በ1969 ዓ.ም. አረፉ። የጻፉት የሕይወት ታሪክ በመጽሐፍ የታተመው ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ሲል፣ በ1999 ዓ.ም. ነው።

ዛሬ በሥራ ላይ ያለው፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትን ሥልጣን የዘረዘረበት አንቀጽ በአጋጣሚ ቁጥሩ ያው ሃምሳ አምስት ነው። እዚያ ውስጥ ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን የመጥራት፣ የመጠየቅ፣ የአስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን እንዳለው ተጽፏል። የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ከአባላቱ ሲሶው ከጠየቀም ምክር ቤቱ በአስፈጻሚው ሥልጣን ላይ መወያየት ግዴታው ነው። ዋና ኦዲተሩ ሪፖርቱን ለምክር ቤቱ ያቀርባል፤ ቋሚ ኮሚቴውም የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችን ጠርቶ ያልተወራረደው ሒሳብ የት ደረሰ ብሎ ይጠይቃል። በእኛም ክልል ሁለት ጉባኤ አለ፤ ሃያ ሁለቱ የሕዝብ ተወካዮች፣ ዐሥራ አራቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ አባላት፣ በድምሩ ሠላሳ ስድስት ሰው።

ታዲያ በሩ ተከፍቶ ሳለ እኔን ሻይ አጠጥቶ የሸኘኝ ምንድን ነው? ነገሩን ሳሰላስለው አርባ ሰባተኛው አንቀጽ ከወረቀት ላይ ተሻረ እንጂ ከመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ አልተሻረም ባይ ነኝ። ያ ጨዋ ሰው ክፉ አይደለም። ሳያስፈቅዱ መመለስ ነውር ነው ብሎ ያደገ ነው፤ አለቃውም እንዲሁ፤ የአለቃው አለቃም እንዲሁ። የሚጠየቀውን ስንወቅስ የሚጠይቀውን እንረሳለን፤ ከሠላሳ ስድስቱ አንዱ የእኔን ሦስት መስመር ይዞ ቢነሣ ያ ባለሙያ ከሚቀጥለው ክፍል ድምፁ ብቻ ሳይሆን ራሱ ይመጣ ነበር። የእኛ ሰው ደግሞ ተወካዩን ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚያስቸግረው ለልጁ ሥራ እንዲያስገባለት እንጂ እንዲህ ያለ ነገር እንዲጠይቅለት አይደለም። እኔም ራሴ እስከዚያ ቀን ድረስ ተወካዬ ማን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ጋዜጠኛ ነኝ ብዬ!

ባለፈው ወር ወደ አዲስ አበባ ስጓዝ አውቶቡሱ ሂርና ላይ ለቁርስ ቆመ። ልጆች ጫትና ሙዝ ይዘው በመስኮቱ ይጮሃሉ። ከመንገዱ በላይ ያለውን አረንጓዴ ተዳፋት እያየሁ የበጅሮንዱ እርሻ የቱ ጋ ይሆን ብዬ አጠገቤ የተቀመጡትን አዛውንት ጠየቅኋቸው። እሳቸውም ለሹፌሩ አሳልፈው ጠየቁልኝ። ሹፌሩ ስሙን አልሰማም። በቦርሳዬ ውስጥ ለተወካዬ የጻፍኩት ደብዳቤ ቅጂ ነበር፤ ሦስቱን መስመር እንዳለ ገልብጬ፣ ከታች ደግሞ የአቦከር አሥራ አንድ እናቶች ፈርመውበት። ዋናውን ከመነሣቴ በፊት በእጁ ሰጥቼዋለሁ። ለሚቀጥለው ጉባኤ አስመዘግበዋለሁ ብሎኛል፤ ጉባኤው የሚቀመጥበትን ቀን እየጠበቅን ነው።